ተሰብሮ የገጠመ ቅልጥም

ሳብያ፣ ጥር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ልበልሽ።

ባለፈው በስልክ የረጀብን ሚስት ሐዋን ስታገናኚኝ የጠየቀችኝን መቼም ሰምተሻል። «ወንድምህ አለ ካልከኝ ዕድሜ ልኬን እጠብቀዋለሁ። የለም ካልከኝም ባሏ እንደሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳዬን ልቀመጥ። እንዲህ አንጠልጥለህ አትተወኝ» አለችኝ። እኔም ካርድ አለቀብኝ ብዬ ዘጋሁባት። ውሸቴን ነበር።

ረጀብ በረመዳን ከየመን ሆኖ «ዛሬ ድንበሩን እንሻገራለን» ብሎ ከደወለልኝ ወዲህ ያልረገጥኩት ቦታ የለም። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስላለኝ ፎቶውን ይዤ ጂዛን ተርሂል ድረስ ሄጃለሁ። ወደ አገር ሊጠረዙ የታሰሩትን አበሾች በአጥሩ ክፍተት ፎቶውን እያሳየሁ ለመንኳቸው። አየሁት የሚል ጠፋ።

ሥራዬ ያው አንቺ «ባሕር ተሻግረህ አጥንት ትለቅማለህ?» እያልሽ የምትስቂበት ነው። የጥንት ሰዎች ከኖሩበት ጉብታ ተቆፍሮ የሚወጣውን የከብት አጥንት አጥባለሁ፤ የፍየሉን ከበጉ፣ የግመሉን ከአህያው እለያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ እረኛ አለቃችን ሙዲሩ አጥንት የሚገዛ መስሎት ከየመን ድንበር፣ ከአል-ሙወሰም በረሃ አንድ ጆንያ ለቅሞ አመጣ። ሙዲሩ ከላይ ከላዩ ገለጥ አድርጎ አየና «ኸላስ ነጂብ፣ ይሄ የትናንት ነው፣ ጣለው» ብሎኝ ሄደ።

ስጥል አንድ ቅልጥም እጄ ላይ ቀረ። ከጉልበት በታች ተሰብሮ፣ ጠመም ብሎ የገጠመ። እማዬ፣ የአህያ ነው አልኩ። የጥጃ ነው አልኩ። ካለን አጥንት ሁሉ ጋር አስተያየሁት። ያ ረቢ፣ ዛሬ እንኳ ልሳሳት ብዬ ለመንኩ። ግን እግሩ የተሰበረ ከብት ይታረዳል እንጂ ማን አዝሎ ወጌሻ ቤት ይወስደዋል? ረጀብ ከሾላው የወደቀ ጊዜ አንቺ አዝለሽ የወሰድሽው ግራ እግሩን ተሰብሮ ነበር አይደል? ተይው፣ አትመልሽልኝ። ጠፍቶኝ አይደለም።

እረኛውን ለምኜ ቦታው ድረስ ወሰደኝ። ጎርፍ ጠርጎታል። እንደ እብድ አሸዋውን በእጄ ስቧጥጥ ዋልኩ፤ ምንም አላገኘሁም።

ዛሬ ጠዋት አብሮኝ ከሚሠራው ከሐይቅ ከተማው ልጅ ከኡስማን ጋር ሆነን አጥንቱን አጠብነው፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ወደ ቂብላ አድርገን ቀበርነው። ዱዓውን ኡስማን አደረገ። እኔ አፈሩን መለስኩበት። ለከብት አጥንት እንዲህ አይደረግም፣ አውቃለሁ።

አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ይህን የሚያነብልሽ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ትቶሽ እንዳይሄድ አደራ በይው።

ለሐዋም ንገሪልኝ። ኢዳዋን ትቀመጥ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ፣
ነጂብ