የቆመው የቆቦ አምቡላንስና የተከለከልነው ድጋፍ

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድንገተኛ ሕክምና በጎ አድራጎት ማኅበራት ድጋፍ ፈንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የድጋፍ ጥያቄያችን ውድቅ የተደረገበት ውሳኔ ዳግም እንዲታይልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ጀዊሪያ ኡበይድ የቆቦ ከተማ ነዋሪና የ«ራያ ድረስ» የበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ማኅበራችን ያቀረበው የድጋፍ ጥያቄ «አመልካቹ አገልግሎት እየሰጠ ያለ አምቡላንስ የለውም» በሚል ውድቅ መደረጉ ተገልጾልናል። በውሳኔው ስላዘንን ነገሩን እንደሆነው አቀርባለሁ።

1. አምቡላንሳችን የተገዛው ገበሬው ማሽላውን፣ ነጋዴው ከሱቁ አዋጥቶ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ምእመኑን አስተባብሮ ነው። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ከዋጃ እስከ ጎብዬ ወላዱንም የመኪና አደጋ የደረሰበትንም ሲያነሳ ኖሯል። በጦርነቱ ጊዜ ተወስዶ ሲመለስ ሞተሩም አልጋውም አልነበረም። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሟል። መቆሙን ያልሰሙ የገጠር ሰዎች አሁንም እየመጡ በሩን ያንኳኳሉ።

2. መኪናው ቢቆምም ጥሪው አልቆመም። በየመንደሩ ግድግዳ ላይ የተጻፈው የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር የእኔ የእጅ ስልክ ነው። የአምቡላንሱ ሾፌር የነበረው፣ እንዳለው የሚባለው አባላችን፣ በራሱ ባጃጅ ይወጣል፤ የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠንን አባላት ደግሞ በየተራ አብረነው እንሄዳለን። አገልግሎት አይሰጥም የተባለው ማኅበር ይኸው ነው።

3. ባለፈው ክረምት ከዋጃ መለስ ካለች የገጠር ቀበሌ ተደወለልኝ። ሙሚና የምትባል ወጣት ልጇን ብትገላገልም እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ ደም ይፈሳታል። የደወሉት እናቷ እትዬ ኡሙሃኒ ናቸው። የመንግሥት አምቡላንስ ሌላ ወላድ ይዞ ወልድያ ሄዶ ነበር።

«መኪና የለንም፤ በባጃጅ እንመጣለን። እናንተም በቃሬዛ ወደ መንገዱ አውጧት» አልኳቸው።

«በምንም ይሁን፣ ብቻ ድረሱልን» አሉ።

ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ባጃጁ መሻገር አልቻለም። የመንደሩ ወጣቶች ውሃው ደረታቸውን እየመታ ሙሚናን አሻገሩልን። እትዬ ኡሙሃኒ ጨቅላውን እንደታቀፉ ማዶ ቀሩ። ባጃጅ ሰው አያስተኛም፤ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ እግሯን ወደ ውጭ ዘረጋነው። ሳይረን ስለሌለን አስፋልቱ ላይ መንገድ የሚለቅልን አልነበረም፤ እንዳለው እጁን አውጥቶ «ወላድ ናት! ወላድ ናት!» እያለ ይጮኽ ነበር። የቆላው ሙቀት እያቃጠለን እሷ «በረደኝ» ትለኛለች። ሻርፔን አውልቄ አለበስኳት። ስልኬ ጠራ።

«ጀዊሪያ፣ የት ደረሳችሁ?» አሉ እናቷ።

«አስፋልቱን ይዘናል፤ እየተናገረች ነው» አልኩ። ያን ጊዜ እውነት ነበር።

ቆቦ ሳንገባ እጇ እጄ ውስጥ ላላ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ስልኩ እንደገና ጠራ። እንዳለው ባጃጁን አቁሞ ስልኩን ከእጄ ወሰደ፤ እሱም ግን ቃል አልወጣለትም። እትዬ ኡሙሃኒ ከዝምታው ገባቸው መሰለኝ፣ ጩኸታቸው እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ።

4. ከዚያ ወዲህ እትዬ ኡሙሃኒ በየገበያው ቀን ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለም። «የት ደረሳችሁ?» ይላሉ፤ «አላህ ያጽናዎት» ስል ይዘጉታል። ቤተሰቤ ቁጥሩን ለውጪ ይለኛል፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ማን ይለውጠዋል? ሰላት ላይ ስቆም፣ ልብስ ሳጥብ፣ ማንም ሳይደውል ድምፃቸው ይመጣብኛል። ባጃጅ በአጠገቤ ሲያልፍ ዛሬም የተዘረጋ እግር በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ሐዘኑ አእምሯቸውን ነክቶት እንደሆነ ፈርቼ፣ አንድ ቀን «እትዬ ኡሙሃኒ፣ ሙሚና እኮ አርፋለች» አልኳቸው።

«እሱንማ እኔ እናቷ አጣሁት?» አሉኝ። «እኔ የምጠይቅሽ እናንተ የት ደረሳችሁ ነው። መኪናዋ ተነሳች ወይ? የጎረቤቴ ልጅ ወሯ ገብቷል።»

የተከበሩ ኃላፊ፣ የእኚህ እናት ጥያቄ መልሱ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

5. ፈንዱ የተቋቋመው አምቡላንስ በሌለበት እንዲኖር ከሆነ፣ የእኛ ማጣት መከልከያ ሊሆንብን አይገባም። ስለዚህ፦

ሀ. ውሳኔው ዳግም እንዲታይልን፤

ለ. ባለሙያ ተልኮ የቆመው መኪና እንዲመረመርና ሊጠገን የሚችል ከሆነ በፈንዱ ድጋፍ እንዲጠገን፣ ካልሆነም ምትክ እንዲፈቀድልን በትህትና እጠይቃለሁ።

በመጨረሻም፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከጎብዬ ተደውሎ፣ እንዳለው ከጋሪ የወደቁ አዛውንት ሊያነሳ ወጥቷል። የማኅበሩ ጸሐፊም እሱ ስለሆነ ማኅተሙ ያለው በኪሱ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው ሚኒባስ ሊነሳ በመሆኑ አቤቱታውን በፊርማዬ ብቻ ልኬዋለሁ። ማኅተም የለውም ተብሎ እንዳይመለስብን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጀዊሪያ ኡበይድ
የ«ራያ ድረስ» የበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ማኅበር ሰብሳቢ
ቆቦ