ሦስት ኪሎ ርካሽ ሻይ፣ አንድ ኪሎ ውድ

ለእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን ፕሮፌሰር፤

ናፍቆቴ ከሱቃችን የሻይ ሽታ ጋር ይድረስሽ።

በስልክ ያስረዳሽኝን ሒሳብ ሞከርኩት። ለካ የስድሳውንና የመቶውን ሻይ ዋጋ ደምሬ ለሁለት እያካፈልኩ፣ ቅልቅሉ ኪሎው ሰማንያ ወጣበት ስል ራሴን ሳሞኝ ኖሬአለሁ! ሦስቱ ኪሎ ርካሽ፣ ውዱ አንድ ብቻ! አንቺ እንዳልሽው ዋጋውን በየኪሎው አባዝቼ ድምሩን ለአራት ሳካፍል ሰባ ሆነ። ሃያ በመቶ ትርፍ ይዤ፣ በዘጠና ስድስት የሸሹኝ ደንበኞች በሰማንያ አራት ተመለሱ። አንቺ ጉድ! ይህን ጭንቅላት ከእኔ ነው የወረስሽው እያልኩ አወራለሁ።

እናትሽ «ደግሞ ካንተ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረባትና ውኃ ሰጠኋት። ወንበሯን ነፋስ እንድታገኝ ወደ በሩ አስጠግቼላታለሁ። ሚዛኑንም አሁን እኔው ነኝ የማነሳው፤ እመቤት ሆናብኛለች።

እንዴት ናት ብለሽ እንዳትጨቀጭቂኝ። ብርቱ ቀን አላት፣ ደካማ ቀንም አላት፤ ደምሬ ለሁለት ሳካፍለው ደህና ናት።

ፈተናሽ እንዳለቀ ታዲያ ከጓደኞችሽ ጋር ሳትዞሪ በመጀመሪያው አውቶብስ ነይ። አዲሱን ቅልቅል ሳትቀምሺው እንዳያልቅ ብዬ ነው።

በአንቺ የሚኮራው፣ ለእናትሽ ብቻ የድሮውን ሒሳብ የሙጥኝ ያለው
አጎትሽ