ጥሩንባ ነፊው በቀን በላ

ለልጅ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? የራባት ከተማ የባሕር ንፋስ ደረትሽን አልያዘሽም ወይ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አያትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። እናትሽም ደህና ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል፤ ሰላም ያላለሽም አለ፣ እሱን ኋላ እነግርሻለሁ።

ይህን የሚጽፈው የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ሲ መኪ ነው። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ምንጣፍ በሚቀመጥባት ክፍል ተቀምጠን እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። የተማረ ሰው ነው። ግን እኔ በዚህ ሰፈር በረመዳን ሰውን ከንጋት በፊት ለሚበላው ሱሁር የሚቀሰቅሰውን ጥሩንባ መንፋት ስጀምር እሱ እናቱ ጀርባ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ጻፍ ያልኩትን ይጽፋል። አንድም ቃል እንዳታሳምርልኝ ብዬ አስምዬዋለሁ።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂዋለሽ። በስልክ «እሺ አያቴ፣ እሺ ባሲዲ» ትዪኛለሽ፤ ስልኩ ሲዘጋ የልብሽን ትሠሪያለሽ። ይህን ከእኔ ስለወረስሽው አልቆጣሽም። ወረቀት ግን እሺ ብለሽ አትዘጊውም። ተቀምጠሽ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ለእናትሽ «ሁለተኛ ዲግሪውን ልተወው ነው፣ ከዒድ በኋላ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ» አልሻት። አስተማሪሽ ጥናትሽን አይቶ «ሰዎችሽ የት አሉ? አንድም ሰው ስላልተቀበለው ትምህርት ምን ተብሎ ይጻፋል?» እንዳለሽም ሰማሁ። እናትሽ አለቀሰች፤ ከኀዘን ይሁን ልጇ ልትመጣላት ስለሆነ ከደስታ አልለየሁትም። እኔ አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ። በአስተማሪሽ አይደለም፤ ሰውየው የጠየቀው ደግ ጥያቄ ነው። የተናደድኩት በአንቺ ነው። ለመተው ምክንያት ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ፤ የእኔን ሰፈር ምክንያት አታድርጊ።

ያን ቀን ያስተማርሽው ልክ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል ለዚሁ ጥናትሽ ስኳር ያለብንን ሽማግሌዎች በጤና ጣቢያው ግቢ ሰብስበሽ ሥዕሎችሽን ግድግዳው ላይ ሰቀልሽ፤ ሳህን፣ እግር፣ ኩላሊት። ጫማ ሰፊው ቡሽታ ኩላሊቱን አየና «ልጄ፣ ይሄ ከሙን ቢነሰነስበት ለማፍጠሪያ ይሆናል» አለ። ሁሉም ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ እሱን ወድጄልሻለሁ። ከዚያ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ስኳርን እንዴት እንደሚጥል፣ ማን መፆም እንደሌለበት፣ ሰው ሲያልበውና ሲያንቀጠቅጠው ምን እንደሚደረግለት አስረዳሽ። ሲ መኪም ተነሥቶ የታመመ እንዳይፆም መፈቀዱን፣ በምትኩ ምስኪን እንደሚያበላ ተናገረ። ሁላችንም አሚን አልን። ለእያንዳንዳችን ግን ስለ ጎረቤታችን የተነገረ መሰለን። «እሺ፣ ሐኪም ከከለከለው ፆሙን የሚተው ማነው?» ስትዪ አንድም እጅ አልተነሳም። የእኔም አልተነሳም። «ጥሩንባዬን የምነፋበት ትንፋሽ እስካለኝ እፆማለሁ» አልኩሽ። ብያለሁ፤ አሁን አላልኩም አልልም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን ስሚ።

ረመዳን እኩሌታው ሳይደርስ ቡሽታ ወደቀ። ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ የሚሰፋውን ጫማ እንደያዘ ቆዳው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ላብ በላብ ሆኗል። ስሙን ስንጠራው እንደ ሰካራም ይመልስልናል፤ በዕድሜው ጠብታ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው። አንዱ ውኃ ርጩበት ይላል፣ አንዱ ቁርአን ቅሩበት ይላል። እኔ አንቺ ያልሽው ትዝ አለኝና ማር አስመጥቼ ድዱን በጣቴ ቀባሁት። ሆስፒታል ስናደርሰው ዓይኑን መግለጥ ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ ማሩን ያሰበው ማነው ብላ ጠየቀች። የልጅ ልጄ ናት አልኳት። የት አለች አለችኝ። ራባት ትምህርት ላይ ናት አልኳት፤ ትምህርቱን ልትተው መሆኑን ለመናገር አፌ አልታዘዘኝም።

ቡሽታ ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ሱቁ ሄድኩ። ፆሟል። አብደሃል ወይ አልኩት። መርፌውን ከቆዳው ሳያነሳ፣ «ብበላ በዚህ የሚያልፈው ሁሉ ምን ይለኛል? ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያወራው አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚህ ሰፈር ማን እንደፆመ፣ ማን እንዳልፆመ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለሱሁር የማን መስኮት እንደበራ፣ የማን እንደጨለመ እያየሁ የማልፈው እኔ ነኝ። ያየሁትንም ሳላወራ ቤት ገብቼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ እራት ላይ «ባሲዲ፣ የምማረው ስለ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን ከነእንቅልፉ፣ ከነጭንቀቱ፣ ከነጎረቤቱ ነው» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ጎረቤት ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?» ብዬ ቀለድኩብሽ። ይኸው ቡሽታ ሆድ ውስጥ ራሴን ቁጭ ብዬ አገኘሁት። ይህን ነገር ለእኔ እራት ላይ ከምትነግሪኝ ለምን በጤና ጣቢያው ግቢ አልተናገርሽውም? ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጪ ከኩላሊቱ በፊት እሱን ተናገሪ።

ያንኑ ቀን ሐኪሟ ዘንድ ተመልሼ ቁስሉ አልድን ያለውን እግሬን አሳየኋት። አውራ ጣቴን አየች፣ መድኃኒቴን አየች፣ «አባቴ፣ ዘንድሮ ፆም የለም፤ ለከርሞም የለም» አለችኝ። ይህን ስሰማ የተሰማኝን አላስጽፍም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቡሽታ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ዳቦ፣ የወይራ ዘይት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ውኃ ፊቴ አደረግሁ። ቡሽታ «ወደ ውስጥ ግባ፣ መጋረጃ ልጣልልህ» ብሎ ለመነኝ። አትጣል አልኩት። በላሁ። አንድ ጎረምሳ ቆመና «አባ ጥሩንባ፣ ለእኛ ስትነፋ የራስህን ጆሮ ደፍነህ ነው እንዴ?» አለኝ። አንዱ «ተዉት፣ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ የደረሰ መስሎት ነው» ሲል፣ ሌላው «ጥሩንባውን ለሽንብራ ሻጩ ይስጠው፣ ገበያ ይጠራበታል» አለ። ይሄኛውስ እኔንም አሳቀኝ፤ እንቁላሉ ትን አለኝ። የሰፈሩ ሹም ሳይቀር መጣ፤ በረመዳን ቀን አደባባይ ላይ መብላት በሕግ ያስጠይቃል ሊለኝ። ካልሲዬን አውልቄ አውራ ጣቴን አሳየሁት። አፍንጫውን ይዞ ሄደ።

አያትሽ ኮርፋ ሰነበተች። አፏን ስትከፍት «ከታመምክ ቤትህ ተቀምጠህ ብላ፣ ማን ከለከለህ? ውርደትህን ለምን አደባባይ ታወጣዋለህ?» አለችኝ። ተደብቄ ብበላ ለቡሽታ ምን ይጠቅመዋል አልኳት። ግን በፆሜ ምትክ በየማታው ለዓይነ ስውሩ ጎረቤታችን የሐሪራ ሾርባውን በሳህን፣ ዳቦውን በጨርቅ አድርጋ የምትወስድልኝ እሷ ናት። ሾርባውንም ከእኛ ድስት ይልቅ ለእሱ ታወፍረዋለች፤ ይህን እወቂላት። ጥሩንባዬንም አልጣልኩም። መስኮቱን የዘጋብኝ አለ፣ ሰላምታ የነፈገኝ አለ፤ መፆም የሚችል ይነሣ ብዬ እነፋለሁ።

ቡሽታ መጀመሪያ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ግማሽ እንቁላል በላ። ቀጥሎ በጎኑ ዞረ። አሁን ከእኔ ጎን በርጩማ አውጥቶ ነው የሚበላው፤ እንዲያውም ጨው ረሳህ እያለ ይጨቀጭቀኛል።

እንግዲህ ለአስተማሪሽ ሰው አለኝ በዪው። አንዱ ጥሩንባ ነፊ ነው፣ አንዱ ጫማ ሰፊ ነው። ስማችንን ይጻፍ፤ አናፍርም። ሁለት ሰው ጥቂት ነው እንደሚልሽም አውቃለሁ። እንዲህ ካለሽ

እዚህ ጋ መስመሩ ተጣሞ ተቋርጦ ካየሽ አትደንግጪ። የሲ መኪ እጅ ተንቀጠቀጠ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባሩ ላይ ግን ላብ አየሁ። የጻፍከውን አንብብልኝ ስለው እኔ ያላልኩትን አነበበ። ይህን መልክ ከቡሽታ አውቀዋለሁ፤ ምን ሆነሃል ብዬ አልጠየቅኩትም። ከቀትር የተረፈችኝን ዘይት የነካች ዳቦ ከመሐረቤ ፈትቼ ከፊቱ አኖርኩና ምንጣፎቹን መቁጠር ያዝኩ። ከዚያ ሲነሣ ሰማሁት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሊዘጋው ነው ብዬ ነበር። ወለል አድርጎ ከፈተው፣ ተመልሶም ፊቱን ወደ ግቢው አድርጎ ተቀመጠ። ሁለት ሰዎች ለውዱእ ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሲያልፉ አይተውናል።

አሁን ጽሕፈቱ ተስተካክሏል፤ አንቺም ታዪዋለሽ። በወረቀቱ ጥግ ያለው የዘይት እድፍ የእኔ አይደለም። እኔ ከዙህር በፊት በልቼ፣ ለሶላት ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ ወረቀቱንም አልነካሁትም። ሲ መኪ በሌላ ወረቀት ልገልብጠው አለኝ። ተወው አልኩት። ትንሽ አሰበና ተወው።

ለዒድ ነይ፤ ሥዕሎችሽን ይዘሽ ነይ እንጂ ሻንጣሽ እዚያው ይቆይ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የመስጊዱ ግቢ ለአንቺ ክፍት ነው፤ ሰው ሳይበተን ተናገሪ። ይህችን መስመር እኔ አላልኳትም፤ የሚጽፈው ሰው ከራሱ ጨምሮ ጻፋትና አነበበልኝ። ቃሌን እንዳትነካ ብዬ አስምዬው ነበር፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

አላህ ዓይንሽን ከንባብ ድካም ይጠብቅ። የጀመርሽውን ለመጨረስ ጉልበት ይስጥሽ፣ የሚሰማሽን ጆሮ አይንሳሽ። የምትበዪው ይስማማሽ፣ የምትተኚው እንቅልፍ ይሁንልሽ። ዲግሪሽን ሳትይዢ ደጄን እንዳትረግጪ፤ በዒድ ግን ነይ፣ ዒድ ሌላ ነው።

አያትሽ፣
ዛሬ ቀትር ላይ የበላው፣ ዛሬ ሌሊትም የሚነፋው