ሕንፃችን መውረዱን አቆመ

መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቆመ! ኸይሩ፣ ሕንፃችን መውረዱን አቆመ! ዛሬ ጠዋት ኢንጂነር ዋፋ ከፍታውን ለክታ «ካለፈው ወር ወዲህ ንቅንቅ አላለም» አለችን። ጋሼ ጠይብ እልል አሉ ብልህ ታምናለህ? በዚያ ነጭ ጢማቸው!

ይቅርታ፣ በደስታ ሰላምታውን ዘለልኩት። አሰላሙ አለይኩም፣ የቤቴ አባወራ። ወራቤ እንዴት ነው? ወንድምህስ፣ ልጆቹስ? ስልክ ስለማታነሳ ይሄው ደብዳቤ ጽፌ ለሾፌሩ ለሙናዊር ሰጠሁት። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም መቼም።

ስትሄድ ያልከውን አልረሳሁም። «መሬት ውስጥ ከቀበሩት የኮንክሪት ምሰሶ፣ ፓይል ከሚሉት፣ አንዱን ሲፈትኑት ፍንክች አላለም። ሕንፃው ሲያርፍባቸው ግን ወረዱ። ዋሽተውናል፤ አክሲዮናችንን እንሽጥ!» አልክ። አልሸጥም ስልህ ሻንጣህን አነሳህ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ያረጀንበትን ሱቅ አፍርሰን ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር የገባንበት ነገር ነው፤ ይሄ ቢበላሽ ሌላ ምን አለን? ስለዚህ ዋፋን ይዤ ጠየቅኳት። የልጃችን የኢክላስ እኩያ ብትሆንም ስትናገር ጋሼ ጠይብ እንኳን ዝም ይላሉ።

«እትዬ ሰአዳ፣ አንድ ሰው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?»

«ትንሽ ይጎደጉዳል።»

«ተጠጋግታችሁ አራት ሆናችሁ ብትቀመጡስ?»

«እኔ ካለሁበትማ ወለል ይነካል!»

ሳቀች። ፓይሎቹም እንደዚያው ናቸው አለችኝ። ብቻውን ያለ ፓይል የሚጫነው ዙሪያውን ያለውን አፈር ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የአንዱ ጭነት ከጎረቤቱ ጭነት ጋር ከታች ይገናኝና እስከ ጥልቁ ጭቃ ድረስ ይጫናል፤ እናም አብረው ሲሆኑ የበለጠ ይወርዳሉ። ጭቃው ደግሞ ሲጨመቅ ውሃውን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው፤ መውረዱ ወራት ፈጅቶ ይቆማል። «መውረዱንማ አስበንበት ነው የሠራነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ማዘንበሉ ነው» አለች።

ማን ያዘነበለው ይመስልሃል? እኛው! ሳይመረቅ ዕቃ ማከማቸት ይቻላል ሲባል ሁሉም መስጊዱን የሚያየውን ጥግ አልተሻማም? ገበያ ያለው በዚያ በኩል ነዋ! የጋሼ ጠይብ ሴራሚክ፣ የሙሚና ብረት ድስት፣ የእኛም ጨርቅ፣ ሁሉም እዚያ ተቆልሎ ከኋላ በኩል ድመት ብቻ ትተኛበት ነበር። ዋፋ «እኩል አከፋፍሉት» ስትል ጋሼ ጠይብ ጮኹ፦

«ከኋላ ደንበኛ አያገኘኝም!»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ሕንፃው ትንሽ ካዘነበለ ደንበኛው ራሱ ተንሸራቶ ይመጣልዎታል» አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። የእኛን ጣቃ ቀድሜ ወደ ኋላ ሳስወስድ ሌላውም ተከተለ። ከዚያ በኋላ ማዘንበሉ ቀረ፤ መውረዱም ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ይሄው ዛሬ ቆመ። ታግዶ የቆየውም የሱቅ ቁልፍ ሊሰጠን ነው።

ለእኔ አታስብ፣ ደህና ነኝ። ራት አሁንም የማቀርበው በትልቁ ትሪ ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ደግሞ «ተሸነፍክ» የሚልህ የለም፤ ሙሚናን አስጠንቅቄያታለሁ።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህንም ያራራልህ።

ያንተው ሰአዳ

ውይ፣ ቀኑን ሳልነግርህ! ቁልፉን የሚያስረክቡት ለባልና ሚስት አንድ ላይ ነው፤ ለብቻዬ አልቀበልም ብያለሁ። በጉ ተገዝቷል። ወንድምህም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም አንድ ሳይቀር ከአንተ ጋር ይምጡ፦ እሁድ፣ ኅዳር 21፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ።