አረንጓዴና ሰማያዊ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ አሰላ

የጭላሎ ብርድ ስለበረታ ከአባዬ ጋር በር ዘግተን ወንድሜ ያመጣልንን ጨዋታ ተጫወትን። ባለቀለም የእንጨት ጠጠሮችን በየተራ እየደረደሩ ቀለምን ከቀለም ማገጣጠም ነው። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ከጨርቅ ሲያመሳስሉ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዛሬ ግን አረንጓዴውን ከሰማያዊው ገጠሙት። ደገሙት።

«አባዬ፣ ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ከክረምት ወዲህ ሁለቱ አንድ ሆነውብኛል። ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንድንሄድ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ምን እንደሚሉን እንጃ። ጠጠሮቹን ልሰበስብ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው። ቀለሙን አንቺ ንገሪኝ፤ ቦታውን እኔ አላጣውም።»

እየነገርኳቸው ቀጠልን። አሸነፉኝ።