የሬዲዮ መኪና ዝም ያለች ዕለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃው ላይ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ያ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ? የጋሼ ሳልስ ለቀቃቸው? እማዬ ባለፈው በስልክ ድምፅዋ ደከም ብሎብኝ ስብሰለሰል ሰነበትኩ፤ እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? ጣሪያችሁስ ዘንድሮ ቻለላችሁ ወይስ አሁንም ባልዲ ትደረድራላችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም።

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ደስታና አንድ ኑዛዜ ስላለኝ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ኑዛዜው ይቅደም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ባለቤቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር፣ ጋራዥ ውስጥ ወደ ፍሬን ሥራ የተዛወርኩት ወገቤን አሞኝ ነው ብዬሽ ነበር። አንቺም የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ገዝተሽ ላክሽልኝ። ወገቤ ምንም አልሆነም፣ እትዬ። ዋሽቼሽ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የአንዲት የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ጠገንኩ። ዲፈረንሻል የሚባለው ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው፣ ትልቅ ድስት የሚያህለው የብረት ሆድ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው እሱ ነው። ሁሉን አስማምቼ፣ ቡሎኑን አጥብቄ፣ ዘይት ሳልሞላበት ለቀቅኩት። ያን ጠዋት የባለቤቴን ልብሶች ሰብስቤ ለችግረኞች ሰጥቼ ነበር ሥራ የገባሁት፤ እጄ ጋራዥ ነበር፣ ልቤ ግን ቤት። መኪናዋ ከነጭነቷ ዳገት መሀል ላይ የዲፈረንሻሏ ጥርስ ተቃጥሎ ድርቅ አለች። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። ሰው አለመጎዳቱን እያሰብኩ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

በጋራዣችን አንድ ልማድ አለ። ዲፈረንሻል የዘጋ ሰው በሆዱ ላይ የራሱን ምልክት በነጭ ቀለም ይስላል፤ ቢመለስ የማን እጅ እንደሆነ እንዲታወቅ። አንዱ ኮከብ ይስላል፣ አንዱ ዓሣ። የእኔ ክር የገባባት መርፌ ናት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ገና ሙሽሮች ሳለን የመረጥኳት ናት፤ «ይሄ ሰውዬ መኪናውን ሊጠግነው ነው ሊጥፈው?» እያሉ ስንት ዘመን ሳቁብኝ። ያቺ መኪና ተጎትታ ስትገባ መርፌዬ በጥላሸቱ መሀል ቁልጭ ብላ ትታይ ነበር። አለቃችን አልጮኸብኝም። «ለጊዜው ፍሬን ላይ ሁን» ብቻ አለኝ። ጊዜው ሦስት ዓመት ሆነ። እኔም አንድ ቀን መልሱኝ አላልኩም። ስጸልይ ትሕትና ነው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር፤ ቆይቼ ስመረምረው ግን ፍርሃት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት የፍሬን ሸራ ስቀይር ከመንገዱ ማዶ የሚያላዝን መኪና ሰማሁ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጣት ታለቅሳለች፣ ሲለቃት ታጉረመርማለች። ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ «የዲፈረንሻሉ የፊት ኩሽኔታ አልቆለታል፤ ጥርሱንም እየበላው ነው» አልኩ። ጓደኞቼ ዞር ብለው አዩኝ። መኪናዋ ገብታ ስትቆም ከላይ የወረደው ማን መሰለሽ? መኪናዋ ሌላ ናት፣ ሹፌሩ ግን ያው ያን ቀን ፀሐይ ላይ ያቆምኩት ሰው ነው። ወሬው ስለማያልቅ «ሬዲዮ» ነው የምንለው።

አለቃችን ከመቼ ጀምሮ እንደምትጮህ ቢጠይቀው ሁለት ወር ሆናት አለ። ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር ቢለው «ዘፈኑን ከፍ አደርግ ነበራ!» ብሎ እርፍ። ጋራዡ በሳቅ ሊፈርስ። አለቃ ራሱን ይዞ፣ ዲፈረንሻል የሚሠራው ባለሙያችን እጁ ተሰብሮ ቤት ስለተኛ፣ ከወደቀ መኪና ላይ ሙሉውን ነቅለን እንግጠምልህ አለው። ሬዲዮ ግን ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ «በጆሮው ያወቀው ሰው እያለ የሞተ መኪና ሆድ ለምን ትሰጠኛለህ? እሱ ይክፈተው» አለ። አለቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ እኮ ነው ያቃጠለብህ» ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለዚያ ነዋ! እሱ አንዴ አቃጥሎኛል፣ አይደግመውም። እናንተ ግን ገና አላቃጠላችሁኝም።»

የምገባበት ጠፋኝ። አለቃም ትክ ብሎ አየኝና «ይህቺ ከተመለሰች እስከ ጡረታህ ፍሬን ላይ ነህ» አለኝ። እሺ አልኩ። መፍቻዬንም አንስቼ መኪናዋ ሥር ገባሁ።

ስከፍተው እንዳልኩት ሆኖ አገኘሁት። ዘይቱ ጠቁሮ፣ የብረት ብናኝ ውስጡ ያብለጨልጫል። የፊቱ ኩሽኔታ፣ ዘንጉን ይዞ ያለችግር የሚያሽከረክረው ብረት፣ ተቦርቡሮ፣ ትልቁ ክብ ጥርስና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ ተላልጠዋል። ሁለቱ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የተጣመዱ ናቸው፤ አንዱን ቀይረሽ ሌላውን ብትተዪው ዕድሜ ልካቸውን ሲጨቃጨቁ ይኖራሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ከነኩሽኔታዎቹ በአዲስ ቀየርኳቸው። መቀየሩስ ቀላል ነበር፤ ማስማማቱ ነው የሚያልበው። ከትንሹ ጥርስ ሥር እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ቀለበቶች ይገባሉ። ሲበዙ ጥርሱ የሌላውን ሥር ይነክሳል፣ ሲያንሱ ጫፉን። ይህን ለማየት ጥርሱ ቀለም ይቀባና ይዞራል፤ የነካበት ቦታ አሻራ ይወጣል። ለዚህ የሚሆነው የጋራዡ ቀለም ግን ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ኖሯል፤ ለሦስት ዓመት ያለ ቀለም በግምት ሲዘጉ ነበር ማለት ነው።

በምሳ ሰዓት ቤቴ ገባሁ። የባለቤቴ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር እንደተሸፈነች ነበረች። መሳቢያዋን ሳብኩ። ጨርቅ የምታሰምርበት ሰማያዊ ጠመኔ፣ ሦስት ቁራጭ። ከሄደች ወዲህ ነክቼው አላውቅም። አንደኛው ላይ የአውራ ጣቷ ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ እሱን መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለቱን ፈጭቼ ለጥርሱ ቀለም እንዲሆኑኝ በዘይት ለወስኳቸው። ስፈጭ እንባዬ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ «ጠመኔ የተገዛው ለሥራ ነው ወይስ ለመታየት?» ብላ የምትቆጣኝ መሰለኝና ሳቅ አልኩ።

አራት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። መጀመሪያ አሻራው ጫፍ ላይ ወጣ፣ ቀለበት ጨመርኩ። ወደ ሥር ወረደ፣ በቀጭን ቀየርኩት። ሦስተኛው ለጥቂት ሳተኝ። በአራተኛው ሰማያዊው በየጥርሱ መሀል እንደ ባቄላ ፍሬ ቁጭ አለ። አለቃ መነጽሩን አውልቆ አጎንብሶ አየው። ቀና ብሎም የመዝጊያውን ቡሎን አቀበለኝ፤ እሱ እንዲህ ካደረገ ደግሞ ወድዶታል ማለት ነው። ከዘጋሁ በኋላ ሳይፈጭ በተረፈ የጠመኔ ስባሪ መዳፌ ላይ «ዘይት» ብዬ ጻፍኩ። እስኪፈስ ሞላሁት። ሦስት ጊዜ ተመልሼ ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ስከት ያዩ ጓደኞቼ «ሰውዬ፣ ጨው አነሰው እንዴ?» እያሉ ተዘባበቱብኝ። ይዘባበቱ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሙሉ ጡብ ጭነን ያንኑ ዳገት ወጣን፤ ሬዲዮ መሪው ላይ፣ አለቃ መሀል፣ እኔ በሩ ጋ። ዘፈኑን አለቃ አዝዞ አስጠፋው። ያቺ የተቃጠለችበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ጸለይኩ። ሞተሩ ይሰማል፣ ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ይሰማል። ከታች ግን ምንም፣ እትዬ። ምንም! ሬዲዮ ራሱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ጫፍ ስንደርስ ነው «ኧረ ይሄ ጸጥታ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው፣ ጩኸቴን መልሱልኝ» ያለው። አለቃ ወደ እኔ ዞሮ «ያቺ መርፌህ እንዴት ነበረች? ረሳኋት» አለኝ። እንዳልረሳት አውቃለሁ።

ስንመለስ ነጩን ቀለምና ብሩሹን በገዛ እጁ አመጣልኝ። መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሳልኳት። ክሩ ትንሽ ተጣሟል፤ አላቃናሁትም። ከሥሯ ወጥቼ ሬዲዮን ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሦስት ዓመት አፌ ላይ የነበረ ነው። «ያን ቀን ቆዳዬ ጠቆረ እንጂ ልቤ አልጠቆረም» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ኮርቻለሁ፣ እትዬ። ትዕቢት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ራሴን ፈተሽኩ፤ ከማንም የበለጥኩ አልመሰለኝም፣ ወደ ቦታዬ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ አመሰገንኩ። አሁን የቀረችኝ የአንቺ ይቅርታ ናት፤ ቀበቶውንም አላደረግኩትም፣ እንደታሸገ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ዲፈረንሻል ከፈተ ብትያት ባይገባትም ደስ ይላታል። ለጋሼ ሰላምታዬን በአክብሮት አድርሺልኝ፤ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት፣ ሁለት ወር ጩኸቱን ችላ ያለው ሬዲዮ መቀጣጫ ይሁናቸው። ትልቋ ልጅሽን ለፈተናዋ እየጸለይኩላት ነው በያት። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የሳለችልኝን አበባ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንቺንም ጤናሽን ይጠብቅልኝ።

ከወረቀቱ ጥግ ላይ ያለውን ሰማያዊ የጣት አሻራ ቆሻሻ ነው ብለሽ እንዳትፍቂው። ጠመኔው ከጥፍሬ ሥር ገና አልለቀቀም፤ እኔም ለማስለቀቅ ብዙ አልታገልኩም።

ወንድምሽ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሽፋኗን ከገለጥኩላት የስፌት መኪና ላይ፤
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን።