ወ/ሮ ሙሉጌጥ ሌዳሞ እና የተፈረደላቸው ዳቦ ቤት

ወ/ሮ ሙሉጌጥ ከአባታቸው ከአቶ ሌዳሞ ቡታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቡርቴ ጋቢሶ በ1952 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1970 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ መጡና በአንድ ሆቴል በዳቦ ጋጋሪነት ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከአቶ አለሙ ጋር ትዳር መሥርተው ዮርዳኖስን፣ እዮኤልንና ኤደንን ወልደዋል። እናታችን እጃቸውን ለዱላ አንሥተው አያውቁም፤ ምላሳቸው ይበቃቸው ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ከጸሎት ጓደኛቸው ከወ/ሮ ፀሐይ ጋር መናኸሪያ አካባቢ ዳቦ ቤት ከፈቱ። ጠብ ቢነሣ ጉዳዩን የግልግል ዳኞች እንዲያዩት በውላቸው ተስማምተው ነበር። ጠቡ አልቀረም፤ በ2013 ዓ.ም. ወ/ሮ ፀሐይ የበሩን ቁልፍ ቀየሩ። ሁለቱም አንድ አንድ ዳኛ መረጡ፤ የተመረጡት ደግሞ ሰብሳቢ ጨመሩ። በ2014 ዓ.ም. ሦስቱ ዳኞች ዳቦ ቤቱ ከነምድጃው ለወ/ሮ ሙሉጌጥ እንዲመለስ ወሰኑ። ሰብሳቢው ውሳኔው እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ የጸና መሆኑን፣ ሆኖም በር የማስከፈት ሥልጣን የፍርድ ቤት ስለሆነ፣ እምቢ ከተባሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ለአፈጻጸም እንዲያመለክቱ ነገሯቸው።

እናታችን ግን ነገሩን እንደ ሽምግልና ቆጠሩት። እርሳቸው ባደጉበት ሽማግሌ ከተናገረ ወዲያ እምቢ ማለት ነውር ነው። «ከተፈረደልኝ በኋላ እህቴን ፍርድ ቤት የምገትራት ምን ቀረኝ ብዬ ነው?» እያሉ ውሳኔውን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠው ሦስት ዓመት ጠበቁ። እኛ ለመንናቸው፤ አልሰሙንም።

ወ/ሮ ፀሐይ በፈቃዳቸው እንደማይመልሱ ሲገባቸው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈቱ። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን እንደ አዲስ አልሰማም፤ ዋናውን ውሳኔና ውሉን ተመልክቶ ቤቱን አስረክቡ ሲል አዘዘ። ግንቦት 12 ቀን የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛው ከፖሊስ ጋር በሩን አስከፈተ። ምድጃው ተነቅሎ ተሸጧል፤ ማቡኪያው ማሽንም የለም። እናታችን ባዶውን ክፍል ፈርመው ተረከቡና ቤት ገብተው ተኙ። ከዚያ ወዲህ ልባቸው እየደከመ ሄደ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ አለሙ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

በመጨረሻው ሳምንታቸው፣ ወ/ሮ ፀሐይ ለቀብር ከመጡ ማንም ፊት እንዳይነሣቸው ቃል አስገብተውናል። እንግዲህ እዚህ ካሉ ማንም አያስነሣቸውም። ጌታ የእናታችንን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል። እርሳቸው ይቅር ያሉትን እኛም ይቅር የምንልበትን ልብ ይስጠን፤ ዛሬ ያ ልብ የለንም።